ዐሥራ ዘጠነኛው ፓች

ሰልፉ ላይ ሦስተኛ ነበረች።

ከፊቷ ሁለት ጡረተኞች ቆመዋል። ከኋላዋ ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገ ሰው አለ። ፊቱን አላየችም፤ አልዞረችምም። በታሜላ ገበያ ረቡዕ በስድስት ሰዓት ለጥቁር ቋሊማ ተሰልፎ ወደ ኋላው የሚገላመጥ ሰው የለም። የታምፔሬ ከተማ ሰው ሲርበው ዓይኑን ከድስቱ ላይ አይነቅልም። ለበረዶው ጊዜ መንገድ ላይ ተበትኖ የከረመው አሸዋ በነፋስ እየተነሳ ዓይን ይሞላል።

«ምን ልስጥሽ?» አለች ሻጯ።

«አንድ ቁራጭ። በማርማላታ።»

በማርማላታ ካለች የሚከተላት የለም ማለት ነው። ያለ ማርማላታ ካለች ዕቃ ሊያቀብላት የሚመጣው መልእክተኛ የራሱን ቋሊማ ገዝቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሠሩ ኖረዋል።

«ጓንትሽ ወደቀ» አለ ከኋላዋ ያለው ሰው።

ጓንት አልጣለችም። ግን አመስግና ተቀበለች። የጓንቱ አውራ ጣት ውስጥ አንድ ጠንካራ ነገር ነካች፤ ጥፍር የምታክል የማስታወሻ ካርድ።

ድምፁን ያን ጊዜ ለየችው።

መልእክተኛው አልነበረም። ኦስሞ ራሱ ነው።

ኦስሞ አለቃዋ ነው። ሪፖርቷን የሚያነበው እሱ ብቻ ነው። የሚሠሩበት የስለላ ቤት በየትኛውም በር ላይ ስሙ አልተጻፈም፤ ሠራተኞቹ «ጓዳው» ይሉታል። በጓዳው መዝገብ ስሟ «ሸማኔ» ነው። በመታወቂያዋ ኢልታ ሙስቶነን። እናቷ ያወጣችላትን ስም ከጠራት ሰው አራት ዓመት አልፏል። ኦስሞ ደግሞ ከቢሮው ወጥቶ ገበያ የሚሰለፍ ሰው አይደለም።

ከፍ ያለችው ጠረጴዛ ጋ ጎን ለጎን ቆመው በሉ። እሱ ወተቱን እየጠጣ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ እያየ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ አወራ። ካርዱ ላይ የተዘጋጀ ኢሜይል አለ አላት። ከስምንት ሰዓት በፊት በስሟ ትልከዋለች። ኢሜይሉ ዐሥራ ዘጠነኛውን ፓች፣ አንዱን የኮድ ማሻሻያ፣ «አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው» ይላል። ከዚያ ወደ ቤቷ ሄዳ ታርፋለች።

ዐሥራ ዘጠነኛው ፓች ላይ ቀዳዳ እንዳለ የነገረችው እሷ ነች። ስድስት ቀን ሆኗታል።

«ጉጉትስ? ላኪው?» አለች።

«ጉጉትን ተይው።»

«ቀዳዳው ይግባ ነው የምትለኝ?»

«ይግባ። ማን እንደሚሾልክበት እናያለን። ከሦስት ወር በኋላ እንዘጋዋለን።»

«በሦስት ወር ስንት ሆስፒታል ይዘረፋል? ቢታወቅስ? ከሥሩ የአጽዳቂው የታውኖ ፊርማ ነው ያለው።»

ኦስሞ አፉን በወረቀት ጠረገ። «ሽማግሌ ነው። ይጠየቃል፣ ያልፍለታል» አለ። ወረቀቱን አጣጥፎ ቅርጫት ውስጥ ጣለና በሰዎቹ መሀል ጠፋ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ማለት እንዲህ ያለውን ነው። ደሟ ፈላ፤ ግን ቋሊማዋን በልታ ጨረሰች። ሰላይ ሆና የተማረችው የመጀመሪያ ነገር ተናዶ መብላትን ነው።

ነገሩ ይህ ነው። ካይኩ የሚባል ፕሮግራም አለ። ማሽን አስመሳይ ነው፤ አንዱን ኮምፒውተር ሌላ ኮምፒውተር ያስመስላል። አንድ ትልቅ ሰርቨር በካይኩ ተከፋፍሎ መቶ ኮምፒውተር ይሆናል፤ ሆስፒታሉ አንዱን ይከራያል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሌላውን፣ ሌባውም ከፈለገ ሦስተኛውን። በመሀላቸው ያለው ግድግዳ ካይኩ ነው። የካይኩ ኮድ ለማንም ክፍት ነው፤ ማንም ያነበዋል፣ ማንም ማሻሻያ ይልካል። የሚላከውን ትንሽ ለውጥ ፓች ይሉታል። በኢሜይል ይላካል፣ በአደባባይ ይነበባል፣ የማያስደስት ከሆነ በአደባባይ ይሰደባል። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ታውኖ ኬቶላ የሚባል የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። ግማሹ ዓለም እሱ ባቆመው ግድግዳ ተከልሎ ይተኛል፤ ታውኖ የሚባል ሰው መኖሩን ግን የሚያውቅ የለም። ይኼ ራሱን የቻለ ብሽቀት ነው።

ማስመሰል ቀርፋፋ ሥራ ነው። ስለዚህ ካይኩ ማፍጠኛዎች አሉት፤ ማፍጠኛ ሥራውን ከማስመሰል ይልቅ በቀጥታ ለእውነተኛው ፕሮሰሰር ያስረክባል። ችግሩ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የየራሱ አመል አለው። ኢልታ ስትመጣ የሁሉም አመል አንድ ፋይል ውስጥ ተዘበራርቆ ነበር፤ «ፕሮሰሰሩ ይኼ ከሆነ እንዲህ አድርግ፣ ያኛው ከሆነ ደግሞ እንዲያ» እያለ ስድስት ሺህ መስመር ይሄዳል። አንዱን ሲነኩት ሌላው ይሰበራል። እሷ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱን ማህደር ሠራች። የጋራው መሀል ቀረ። መሀሉ ስለ ማንም ፕሮሰሰር አያውቅም፤ ሲፈልግ ስማቸው ከተዘረዘረበት ሰንጠረዥ አይቶ ይጠራቸዋል፣ የተጠራው የራሱን ሥራ ይሠራል። ሽፋን እንዲሆናት የጀመረችው ሥራ ነበር። ወደደችው። ሽፋኑ አብሯት መተኛት ጀመረ።

ካይኩ ውስጥ አንድ የማይጣስ ልማድ አለ። ፓች ወይ ኮድ ያንቀሳቅሳል፣ ወይ ኮድ ይለውጣል። ሁለቱን አንድ ላይ አያደርግም። ስለዚህ «ይኼ ማንቀሳቀስ ብቻ ነው» የሚል ፓች ሲመጣ ማንም መስመር በመስመር አያነበውም። ዕቃ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ሲዛወር ማን ማንኪያ ይቆጥራል?

ጉጉት ያንን ልማድ ነው የነካው።

ጉጉት የጓዳው ስያሜ ነው። ፓቾቹ በሚነበቡበት የኢሜይል ዝርዝር ላይ ሰውዬው ሊንድቫል ይባላል፤ በአካል ያየው የለም። ሠላሳ አንድ ፓች ልኳል። የኢልታን ሥራ የሚጨርሱ፣ የቀሩትን ማፍጠኛዎች ወደየማህደራቸው የሚወስዱ፣ ያማሩ ፓቾች። ዐሥራ ዘጠነኛው አርም የሚባለውን የፕሮሰሰር ዓይነት ክፍል «ያንቀሳቅሳል»። ዛሬ ዐሥር ሰዓት ላይ ታውኖ አዲሱን ካይኩ ይለቃል። ሠላሳ አንዱም አብረው ይወጣሉ።

ትራም ላይ ወጣች። አረንጓዴ ጃኬት የለበሰ ሰው በኋላው በር ገባ።

ባቡር ጣቢያው ጋ ወረደች። እሱም ወረደ። መንገድ ተሻግራ መድኃኒት ቤት ገባች፤ የሳል ሽሮፕ አንስታ የጀርባውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበበች። እሱ ከመስታወቱ ውጭ ስልኩን ያነባል። ጫማውን አየችው። ጓዳው ለመስክ ሠራተኞቹ የሚያድለው ጫማ ነው፤ እሷም ቤቷ አንድ ጥንድ አላት።

የራሷ ሰዎች ነበሩ።

በመድኃኒት ቤቱ የኋላ በር ወጣች። በገበያ አዳራሹ ውስጥ አቋርጣ፣ በድልድዩ ሥር አልፋ፣ ሕፃናት የጫነ ጋሪ ከሚገፉ እናቶች ጋር ተደባልቃ ቤተ መጻሕፍቱ ገባች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ተቀመጠች። ኮምፒውተሯን ከፈተች። ሰባት ሰዓት ከሃያ።

ከኦስሞ ካርድ በፊት የጉጉትን ሠላሳ አንድ ፓቾች እንደገና ከፈተች። ለምን እንደሆነ እሷም አላወቀችም። ስድስት ቀን ሙሉ የደነቃት አንድ ነገር ነበር፤ ጠላት ልክ እንደ እሷ ማሰቡ። እውነቱን ለመናገር በዚህ ትንሽ ኮርታም ነበር።

አሁን ግን ቀዝቅዛ ቆጠረች።

ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ኦስሞ «ጠላት ብትሆኚ እንዴት ትገቢ ነበር?» ብሎ ጠይቋት ሪፖርት ጽፋለች። በማንቀሳቀስ ፓች እገባለሁ ብላለች። ሠላሳ ያህል አከታትዬ እልካለሁ፣ የመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ስምንት ንጹሕ ይሆናሉ፣ አንባቢ ዐሥራ ዘጠነኛው ላይ ይደክመዋል ብላለች። በአርም በኩል እገባለሁ፣ ያንን ከታውኖ በቀር አጥርቶ የሚያውቅ የለም ብላለች። ያንን ሪፖርት ያነበበው አንድ ሰው ነው።

ጉጉት ባሕር ማዶ የለም። ጉጉት ጓዳው ውስጥ ነው።

ጠላት የላትም ነበር። የምግቡን አሠራር እሷ ራሷ እስከ ጨውና ቅመሙ ጽፋ ለኦስሞ ሰጥታዋለች። እሱም አብስሎ ለታውኖ አቀረበው። ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች። በኦስሞ ብቻ አልነበረም የተናደደችው። «እኔ ደንቆሮ፣ እኔ ከብት» አለች በሹክሹክታ፤ አጠገቧ ጋዜጣ የሚያነቡ አሮጊት ቀና ብለው አዩዋት።

ለዝርዝሩ መጻፍ አለባት። በአደባባይ ያለ አንድ ኢሜይል ይበቃል። አራት ሺህ ሰው ሳጥን ውስጥ የገባን ኢሜይል ማንም መልሶ አያወጣውም፤ ጓዳውም ቢሆን።

የይለፍ ቃሏን አስገባች።

ተቀይሯል።

ደግማ ሞከረች። ተቀይሯል። ያኔ የዝርዝሩን የአደባባይ ገጽ ከፈተች፤ ማንም ሊያየው የሚችለውን። ከአንድ ሰዓት በፊት የመጣ አዲስ መልእክት አለ። «ዐሥራ ዘጠነኛውን አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው። ኢልታ ሙስቶነን።»

እሷ ቋሊማ ስትበላ እነሱ በስሟ ፈርመዋል። ጓንቱም ካርዱም ኦስሞም እሷን ገበያ ለማቆየት የተላኩ ነበሩ። ከማይታወቅ አድራሻ ብትጮህ የሚሰማት የለም፤ በየሳምንቱ ስም የለሽ ዕብዶች ዝርዝሩ ላይ ይጮሃሉ። ታውኖ ደግሞ ዛሬ ስልኩ ዝግ ነው። በመልቀቂያ ቀን ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ፒስፓላ ወዳለው የሕዝብ ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ ይገባል፤ ታጥቦ፣ ቀዝቅዞ፣ ከዚያ ቢሮው ተመልሶ አዲሱን ካይኩ ይለቃል። ሃያ አምስት ዓመት እንዲሁ ሲያደርግ ኖሯል።

ኮምፒውተሩን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተወችው። እየተከታተሉት ከሆነ ቤተ መጻሕፍቱን ሲያስሱ ይዋሉ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከአውቶቡስ ወረደች። የሳውናው ግቢ ሞልቷል። ሰዎች ፎጣ አገልድመው፣ ከትከሻቸው እንፋሎት እየተነሳ፣ በሚያዝያ ብርድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ታውኖ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ሆዱን አስቀድሞ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

አጠገቡ ተቀመጠች። በኮት።

«አንቺ ልጅ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ፤ በእርምጃዋ ነው የለያት። «እዚህ በኮት የሚቀመጥ ወይ ፖሊስ ነው ወይ ቀራጭ።»

«ዐሥራ ዘጠነኛውን አትልቀቀው።»

«ደህና ነው ብለሽ ጽፈሻል።»

«እኔ አልጻፍኩም።»

ታውኖ ዓይኑን ገለጠ።

የግቢው በር ተንቋረረ። ኦስሞ ገባ፤ አረንጓዴ ጃኬቱ ከኋላው። ኦስሞ አልቸኮለም፤ የታውኖን የመልቀቂያ ቀን ልማድ ከሪፖርቶቿ ያውቀዋል። ፊቱ ላይ የታማሚ ቤተሰብ ሐዘን ለብሶ ወደ ታውኖ ጎንበስ አለ።

ወንድሟ እንደሆነ ነገረው። ኢልታ ሕክምና ላይ እንደሆነች፣ መድኃኒቷን ካቆመች ሁለት ሳምንት እንዳለፋት፣ ሰው ሁሉ የሚያሴርባት እየመሰላት እንደሆነ። ድምፁ እንደ ማር የለሰለሰ ነበር። ታውኖን ራሱን ይቅርታ ጠየቀ። እጁን ዘርግቶ «ነይ እህቴ፣ ቤት እንሂድ» አላት።

ታውኖ ከእሷ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እሷ አየ። ማመን እየጀመረ ነበር። በየሐሙሱ አብረው የአተር ሾርባ በልተዋል፤ ግን ስለ ቤተሰቧ አንድም ቀን አውርታ አታውቅም። የማታወራ ሴት ታማ ሊሆን ይችላል።

አንድ መንገድ ብቻ ቀርቷታል።

«እህቱ አይደለሁም» አለች። «ኢልታም አይደለሁም። ስሜ ውሸት ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። እሱ አለቃዬ ነው። እኔ የተላክሁት እናንተን እንድሰልል ነው።»

የኦስሞ እጅ አየር ላይ ቀረ። ይህን አልጠበቀም። ሰላይ ራሱን አይገልጥም፤ ሒሳቡን ሁሉ በዚያ ላይ ነበር የሠራው።

ታውኖ ቀና ብሎ አያት። ከትከሻው ይነሳ የነበረው እንፋሎት ቆመ። የጠየቃት ግን ስለ ስሟ አልነበረም።

«ዐሥራ ዘጠነኛው ላይ ምን አለ?»

«ተከራዩ ማሽን የማስታወሻ ቦታ ሲጠይቅ መጀመሪያ መጠኑን እንለካለን፣ ከዚያ እንሰጠዋለን።»

«አዎ። ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«በእሱ ፓች መጀመሪያ ይሰጣል። ከዚያ ይለካል።»

«ስንት መስመር ዝቅ ብሏል?»

«አንድ።»

ዓይኑን ጨፈነ። ኢልታ ይህን ፊት ታውቀዋለች፤ ኮዱን ከጭንቅላቱ እያነበበ ነው። የአርሙን ማህደር ከፈተ፣ ወደ ታች ወረደ፣ መስመሩን አገኘ። በመስጠቱና በመለካቱ መሀል የሚቀረው ጊዜ የብልጭታ ያህል አይሞላም። ለሌባ ግን ይበቃል፤ ከራሱ ክፍል ወጥቶ የጎረቤቱን በር ይከፍታል።

አንድ ስድብ ተሳደበ፤ አባቱ ፈረስ ሲረግጠው የሚሳደበውን ዓይነት።

ፎጣውን አጥብቆ ተነሳ። ስልኩ ያለው ውስጥ ነው፤ ወንዶች ልብስ በሚያወልቁበት ክፍል ሣጥን ውስጥ።

«አቁመው» አለ ኦስሞ።

አረንጓዴ ጃኬቱ ሮጠ። ታውኖ ገብቷል። አረንጓዴ ጃኬቱ በሩን በርግዶ አንድ እግሩን ወደ ውስጥ አሳለፈ። እዚያ ላይ አበቃለት። በዚያ ሳውና መቶ ዓመት ሙሉ ማንም ጫማ አድርጎ የወለሉን ደረቅ ሣንቃ ረግጦ አያውቅም። ስድስት እርጥብ ሽማግሌዎች፣ እናታቸው እንደወለደቻቸው፣ በሩን ሞሉት። አንደኛው የውሃ ባልዲ ይዟል። ሰውዬው የመንግሥት ሥራ ላይ ነኝ አለ። መጀመሪያ ጫማህን አውልቅ አሉት። መታወቂያ አወጣ። እሱንም አውልቅ አሉት። ትኬት የምትቆርጠው ሴትዮ ከመስኮቷ ወጥታ ከኋላው በኮሌታው ያዘችው፤ ያልከፈለ ሰው አላስገባም ትላለች።

ኦስሞ ወደ ኢልታ ዞረ። የሐዘን ፊቱ ወልቋል።

«ምን እንዳደረግሽ ታውቂያለሽ?» አለ። «ነገ የትም አገር የለሽም። የትም ስም የለሽም።»

«እኔ የጻፍኩትን ወስደህ ሽማግሌ ልታሳስርበት ነበር።»

«ለአገር ነው።»

«የት አባትህንስ።»

እንዲህ ብላ ሰድባው አታውቅም። አግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎች ወደ ሰማይ ማየት ጀመሩ፤ የዚያ አገር ሰው የሌላውን ጠብ እንዳልሰማ ሆኖ ነው የሚሰማው።

የኦስሞ ስልክ ጮኸ።

አንስቶ አዳመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ አረንጓዴ ጃኬቱ ምልክት ሰጥቶ፣ ወደ እሷ ሳያይ፣ በመጣበት በር ወጣ። ውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማች።

ታውኖ ስልኩን በእጁ ይዞ ወጣ። የላከው ኢሜይል ሦስት መስመር ነበር፤ ዐሥራ ዘጠነኛው ማንቀሳቀስ ብቻ አይደለም፣ ልኬቱ አንድ መስመር ወርዷል፣ ሠላሳ አንዱንም አልቀበልም። ከሥሩ ሙሉ ስሙ። አራት ሺህ ሰው አሁን ያንን መስመር እያየ ነው። ከዚህ በኋላ ማንም አይደብቀውም፣ ማንም በታውኖ አያላክከውም።

ሥራው አልቋል። ቀዳዳው አልገባም።

ታውኖ አልተቀመጠም። በባዶ እግሩ ቀዝቃዛው መሬት ላይ ቆሞ ከላይ አያት።

«የፈረምሽው ሁሉ በዚያ ስም ነው?»

«ሁሉም።»

«ስንት ነው?»

«ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት።»

እያንዳንዱ ፓች ከሥሩ ፊርማ አለው። ፊርማው «ይህን እኔ ጻፍኩት፣ የመስጠት መብት አለኝ፣ ስሜም ይኼ ነው» ማለት ነው። በካይኩ ከዚህ የሚበልጥ ሕግ የለም። በሌለ ሰው ስም የተፈረመ ኮድ ባለቤት የለውም፤ ባለቤት የሌለው ኮድ ደግሞ አይቆይም። ይህን ሁለቱም ያውቁታል።

«አወጣዋለሁ» አለ ታውኖ። «አንድም ሳላስቀር።»

«አውቃለሁ።»

«ማህደሮቹን። ሰንጠረዡን። ሁሉንም።» ወደ ሳውናው በር ዞረና ተመለሰ። «የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ጥሩ ሥራ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ስጠብቀው የነበረ ሥራ ነው።»

ይቅርታ ለማለት አፏን ከፈተች፤ ግን በማን ስም? ታውኖ ፎጣውን አስተካክሎ ወደ ሙቀቱ ተመለሰ። በሩ ተዘጋ።

ጓዳው አላሰራትም። ቢያስራት ፍርድ ቤት ይኖራል፣ ፍርድ ቤት ካለ ጋዜጣ ይኖራል። በአራተኛው ቀን አንድ ፖስታ ሰጧት፤ ውስጡ አዲስ መታወቂያ፣ አዲስ ስም፣ ወደ ሰሜን የሚወስድ ትኬት፣ የድሮ ስሟን እንዳትጽፍ የሚያስፈርም ወረቀት። ኦስሞ ግን ወንበሩ ላይ ነው። እንዲያውም ሰፋ ያለ ቢሮ ተሰጥቶታል ይባላል። አንጀቷ እያረረ ፈርማ ወጣች።

አሁን የባሕሩ ዳር ከተማ ላይ የጀልባ መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ባለቤቱ በአዲሱ ስሟ ሲጠራት አንዳንዴ ሁለት ጊዜ መጥራት አለበት። ጆሮሽን አስመርምሪ ይላታል።

በምሳ ሰዓት የካይኩን የአደባባይ ገጽ ታነባለች። ለማንበብ ስም አያስፈልግም።

ታውኖ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ አወጣ። በጅምላ መንቀል ይችል ነበር፤ አላደረገውም። እያንዳንዱን ሲያወጣ ለምን እንደወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈ፤ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር። ሰባት ሳምንት ፈጀበት። ከዚያ የተዘበራረቀው አሮጌ ፋይል መልሶ መሀል ላይ ተጎለተ። ከዚያ ታውኖ ብቻውን፣ ከባዶ፣ የእሷን ኮድ ሳያይ፣ የየፕሮሰሰሩን ክፍል መለየት ጀመረ። በስልሳ ስምንት ዓመቱ።

በሰኔ መጨረሻ አርሙ ላይ ተሰናከለ። ዝርዝሩ ላይ ጥያቄ ጻፈ። ማፍጠኛው መጠራት ያለበት ፕሮሰሰሩ ከመመዝገቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በፊት ብጠራው አንዱ ይሰበራል፣ በኋላ ብጠራው ሌላው። የሚያውቅ ሰው አለ?

የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ ግምት ጻፈ፤ ስህተት ነበር። ሌላው ደግሞ ሰነዱን አንብብ አለው፤ ሰነዱን የጻፈው ታውኖ ነው።

እሷ ታውቃለች። እዚያው ድንጋይ ላይ እሷም አምስት ሳምንት ተሰናክላለች። መጠራት ያለበት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ በፊት፣ አንዴ በኋላ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ግማሽ ይሠራል። ሁለት መስመር መልስ ነው።

አዲስ አድራሻ ከፈተች። ሁለቱን መስመር ጻፈች። ከሥሩ የፊርማው ቦታ መጣ። ከ«ሸማኔ» ሌላ ሦስት ስም አላት። ኢልታ የጓዳው ነው፣ አዲሱ የሱቁ ነው፣ እናቷ ያወጣችላትን ደግሞ እንዳትጽፍ በፖስታው ውስጥ በነበረው ወረቀት ላይ ፈርማለች። ስም ሳትጽፍ ብትልከው ታውኖ አያነበውም። አንብቦ ቢጠቀምበት ደግሞ ሕጉን ያስጥሰዋል፤ በእሷ ምክንያት ለሁለተኛ ጊዜ።

ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ አጠፋችው።

ሃያ ሁለት ቀን ታውኖ ከዚያ መስመር ጋር ሲታገል አየችው። እየሞከረ፣ እየሰበረ፣ ራሱን በአደባባይ እየሰደበ። በየቀኑ በምሳ ሰዓት ሳንድዊቿን ይዛ አነበበች፤ በየቀኑ በኦስሞና በራሷ ተናደደች። በሃያ ሦስተኛው ቀን ፓቹ መጣ። ማፍጠኛው ሁለት ጊዜ ይጠራል፤ አንዴ በፊት፣ አንዴ በኋላ። አግኝቶታል።

ከፓቹ ሥር፣ እንደ ልማዱ፣ የረዱት ሰዎች ስም በሚጻፍበት ቦታ፣ አንድ መስመር ነበረች።

«ይህንን ከእኔ በፊት በትክክል የሠራ ሰው ነበር። ስሙን አላውቀውም።»

ባለቤቱ ከመጋዘኑ ሆኖ ጠራት። በሁለተኛው ጥሪ ሰማችው፤ ገጹን ዘጋችና የጀልባ ገመድ ልትለካ ሄደች።